ኦኔሲሞስ ነሲብ፦ ከባሪያ ገበያ እስከ ነቀምቴ ትምህርት ቤት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢሉባቦር ምድር ተወልደው በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች እጅ የወደቁት፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው የተማሩትና ዕድሜያቸውን ሙሉ ወገኖቻቸውን በማስተማር ያሳለፉት ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢትዮጵያ የትምህርትና የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ልዩ ሥፍራ ካላቸው ሰዎች መካከል ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን በግዕዝ ፊደል ወደ ኦሮምኛ ተርጉመዋል፤ ለጀማሪዎች የሚሆን የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍተዋል።

የእርሳቸው የሕይወት ታሪክ የአንድ ግለሰብ ታሪክ ብቻ አይደለም። ባርነት በአገሪቱ በልማድና በሕግ ጭምር የታወቀ ሥርዓት ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ በአዋጅ እስከተሻረበት ድረስ የተጓዘውን ረጅም መንገድ የሚያሳይ ነው። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር፣ ሕጉን ሥራ ላይ ማዋል ሌላ ነገር መሆኑንም ያስተምራል።

የዘመኑ የባሪያ ንግድ

ኦኔሲሞስ በተወለዱበት ዘመን የባሪያ ንግድ የአገሪቱ የሩቅ ንግድ አንድ ክፍል ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ከደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ጭነው ወደ ሰሜን ሲጓዙ ከዕቃው ጋር በጦርነት የተማረኩ ወይም በአፈና የተወሰዱ ሰዎችን ይዘው ይሄዱ ነበር። ከእነዚህም አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት እንደነበሩ የታሪክ ድርሳናት ያስረዳሉ።

ዋናው የሰሜን መስመር ከከፋ፣ ከጅማ፣ ከሊሙና ከወለጋ ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር በጎጃም ወደሚገኘው የባሶ ገበያ ይዘልቃል። ከዚያም ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በነበረው የይፋግ ገበያ አድርጎ ወደ ጎንደር ይወጣል። ከጎንደር በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወርዳል፣ ሌላው በዓድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ወደብ ይደርሳል። በሸዋ ደግሞ ከአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ ወደ ሐረር፣ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ የሚወስድ የምሥራቅ መስመር ነበር። በባሕር ዳርቻ የደረሱት ምርኮኞች በጀልባ ወደ ዓረቢያ ልሳነ ምድር ይሻገሩ ነበር።

በዘመኑ ሥራ ላይ የነበረው ፍትሐ ነገሥት ነፃነት ለሰው ልጅ በተፈጥሮ የተሰጠ መሆኑን፣ ባርነት ግን ከጦርነት ሕግ የመነጨ መሆኑን ይገልጻል። ባሪያን ነፃ ማውጣትንም በጎ ሥራ አድርጎ ይቆጥራል። ይሁን እንጂ ባርነትን ፈጽሞ አልከለከለም። ክርስቲያኑ ባሪያ እንዲይዝ ይፈቀድለት ስለነበር ልማዱ በቤተ መንግሥት፣ በመኳንንት ግቢና በባለርስት ቤት ሥር ሰድዶ ኖሯል።

ይህን ንግድ ለማስቆም የሞከሩ ነገሥታት አልጠፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ትእዛዝ አውጥተዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1884 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በዓድዋ ውል ሲፈራረሙ የባሪያ ንግድን ለመከልከል የሚያስገድድ ስምምነትም አብረው ተፈራርመዋል። ዐፄ ምኒልክም ንግዱን የሚከለክሉ ትእዛዞች አስተላልፈዋል። ነገር ግን ትእዛዙ ከዋና ከተማው ርቆ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ እየደከመ ይሄድ ነበር። ከንግዱ ቀረጥ የሚሰበስበው የኬላ ሹም፣ ከዘመቻ ምርኮ የሚካፈለው ወታደርና ባሪያ በስጦታ የሚቀበለው መኳንንት ንግዱ እንዲቆም የሚያደርግ ምክንያት አልነበራቸውም።

የሂካ ልጅነት

ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለዱት በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ገደማ በዛሬው የኢሉባቦር ዞን በሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ትርጉሙም «ተርጓሚ» ወይም «ፈቺ» ማለት ነው። ይህ ስም በኋላ ዘመን ከሠሩት ሥራ ጋር መግጠሙ የሕይወት ታሪካቸውን ለጻፉ ሁሉ የሚያስገርም ነገር ሆኗል።

ሂካ አባቱን ያጣው ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነበር። አባት የሞተበት ልጅ በዚያ ዘመን ጠባቂ የሌለው ልጅ ነበርና በኋላ በባሪያ ፈንጋዮች ታፍኖ ከእናቱ ተለየ። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ፣ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ገበያ ተደጋግሞ እየተሸጠ ከትውልድ አገሩ እጅግ ርቆ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተወሰደ።

በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ሕፃን የሚያጣው ነፃነቱን ብቻ አልነበረም። በየደረሰበት የማያውቀው ቋንቋ ይነገራል፣ ስሙ ይለወጣል፣ የወላጆቹ አገር የት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አይኖርም። ብዙዎቹ ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ከፊሉን ይረሱ ነበር። ይህ ጉዳት በኦኔሲሞስ የኋላ ሕይወት ውስጥ ተመልሶ የታየ ሲሆን፣ ሥራቸውንም በእጅጉ የነካ ነው።

ከመቅደላ ጦርነት ማግስት በምጽዋ

ሂካ ወደ ባሕር ዳርቻ በተወሰደበት ዘመን ሰሜን ኢትዮጵያ በታላቅ ነውጥ ውስጥ ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንት ደጋ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ የምትገኝበት ይህ ከፍተኛ ቦታ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ወደ ወሎ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መንገዱን እያስጠረጉ መቅደላ የደረሱት ከወራት ጉዞ በኋላ ነበር።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። ይህን ጦር መንገድ በማጥናትና መረጃ በመሰብሰብ ካገለገሉት መካከል ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊዘርላንድ ተወላጅ አንዱ ነው። ሙንዚንገር በምጽዋ የፈረንሳይ መንግሥት ቆንስል ሆኖ ይሠራ የነበረ ሲሆን በኋላም በግብፅ መንግሥት ሥር የምጽዋ ገዥ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1870 ሂካን ምጽዋ ላይ ነፃ ያወጣው ይኸው ሰው ነበር።

ነፃ የወጣው ልጅ ከምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በተባለው ሥፍራ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ወደ ከፈተው ትምህርት ቤት ገባ። ሚሲዮኑ በዚያ ያስተምራቸው ከነበሩት ልጆች መካከል ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የዳኑ ይገኙበት ነበር። ሂካ በትምህርቱ ብልህ ሆኖ በመገኘቱ ከጓደኞቹ ተለይቶ ታወቀ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅም ኦኔሲሞስ የሚለውን ስም ተቀበለ።

ስሙ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። በአዲስ ኪዳን ውስጥ አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የኮበለለ ባሪያ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ያን ሰው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምነዋል። ሂካ ይህን ስም በመያዙ ያለፈበትን መከራ ሳይደብቅ፣ ወንድም ተብሎ የመጠራት መብቱንም በስሙ ላይ ተሸክሞ ኖሯል።

ትምህርት በስዊድን፣ ያልተሳኩ ጉዞዎች

ሚሲዮኑ ወጣቱን ኦኔሲሞስ ወደ ስዊድን ልኮ ስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው የዮሐንሰሉንድ ትምህርት ቤት ለአምስት ዓመታት አስተማራቸው። ወደ ምንኩሉ የተመለሱት መምህር ሆነው ነው። በዚያም ምሕረት ኃይሉ ከተባሉ ሴት ጋር ትዳር መሠረቱ።

በአውሮፓ መቅረት ወይም በባሕር ዳርቻ በሰላም መኖር ለእርሳቸው የሚቻል ነበር። እርሳቸው ግን የፈለጉት ታፍነው ወደ ተወሰዱበት አገር ተመልሶ ማስተማርን ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1881 ተጀመረ። መንገዱ በሱዳን በኩል ዞሮ በስተምዕራብ ወደ ወለጋ ለመግባት የታቀደ ነበር። ይሁን እንጂ ጉዞው ከአሶሳ አካባቢ ሊያልፍ አልቻለም። በሱዳን የማህዲ እንቅስቃሴ በመነሣቱ፣ የመንገድ ፈቃድ በመከልከሉና በሽታ ተጓዦቹን በመጉዳቱ እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ ምንኩሉ ተመለሱ።

ሁለተኛው ሙከራ በሸዋ በኩል ነበር። ተጓዦቹ እንጦጦ ድረስ ደርሰው ከንጉሥ ምኒልክ ፊት ቢቀርቡም ወደ ኦሮሞ አገር ለመዝለቅ የሚያስችል ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1886 እንደገና ወደ ባሕር ዳርቻ ተመለሱ። ከእነዚህ ሁለት ጉዞዎች በኋላ ኦኔሲሞስ ለመሄድ ያልተፈቀደላቸውን አገር በመጽሐፍ ሊደርሱበት ወሰኑ።

የትርጉም ሥራውና አስቴር ጋኖ

ኦኔሲሞስ የትርጉም ሥራቸውን ሲጀምሩ ትልቅ እንቅፋት ገጠማቸው። ከትውልድ አገራቸው በሕፃንነት የተወሰዱ በመሆናቸው የኦሮምኛ ዕውቀታቸው ለእንዲህ ያለ ከባድ ሥራ የሚበቃ ሆኖ አላገኙትም። ባርነት የወሰደባቸውን ቋንቋ መልሰው መማር ነበረባቸው። በዚህ ጊዜ የደረሱላቸው ሌላዋ ከባርነት የወጡ ሴት አስቴር ጋኖ ናቸው።

አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የተወለዱ ሲሆን በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ ለባርነት ከተዳረጉ በኋላ ለዓረቢያ ገበያ ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳፈረቻቸውን ጀልባ የኢጣልያ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ በመያዙ ነፃ ወጥተው ወደ ምንኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። አስቴር ያደጉት በቋንቋው ውስጥ በመሆኑ የቃላቱን ፍቺ፣ የአነጋገሩን ለዛና የሕዝቡን ትውፊት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የትምህርት ችሎታቸውም ከፍተኛ ሆኖ በመገኘቱ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀት ሥራ ተሰጣቸው። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ቃላትን እንደሰበሰቡ ይነገርላቸዋል።

ከዚህም ሌላ አስቴር ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በቃላቸው ከሚያውቁት አሰባስበው በጽሑፍ አሠፈሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ኦኔሲሞስና አስቴር አብረው ባሳተሙት የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። መጽሐፉ ማንበብ ለሚጀምሩ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን ፊደል ከማስቆጠር አልፎ የሕዝቡን የቃል ሀብት ለትውልድ ያስተላለፈ ነው።

የአዲስ ኪዳን የኦሮምኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1893 በምንኩሉ ታተመ። የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ለሕትመት በቃ። የትርጉሙ ቡድን አባላት በአብዛኛው በቀይ ባሕር ዳርቻ ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ነበሩ። በገበያ እንደ ዕቃ ዋጋ ወጥቶባቸው የነበሩ ሰዎች ለቋንቋቸው የመጀመሪያዎቹን ታላላቅ የሕትመት ሥራዎች አበረከቱ። የተጠቀሙበትም ፊደል ለኢትዮጵያ ሕዝቦች የቆየ ቅርስ የሆነው የግዕዝ ፊደል ነበር።

ወደ አገር መመለስ

ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ባልደረቦቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወለጋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ሂካ ከታፈነ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። የወለጋ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። በነቀምቴም ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ኦኔሲሞስ የሚያስተምሩትም የሚሰብኩትም በኦሮምኛ ነበር። ይህም ሕዝቡ በብዛት እንዲከተላቸው ሲያደርግ ቋንቋውን የማያውቁትን የአካባቢውን ካህናት ቅር አሰኘ። ካህናቱ ክስ አቅርበውባቸው እ.ኤ.አ. በ1906 ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑ ከወለጋ እንዲወጡ ቢያዝዙም ዐፄ ምኒልክ ውሳኔውን ለውጠው ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ። ሆኖም እንዳይሰብኩ ተከለከሉ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ኦኔሲሞስ ሥራቸውን በትምህርት ላይ ብቻ ወሰኑ። ክልከላው በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱን አጠናከረው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ፈቃዱ ሳይሻር ቀርቷል። ኦኔሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ መጻሕፍቶቻቸውን እያሠራጩና እያስተማሩ ቆይተው ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ። አስቴር ጋኖ እስከ 1950ዎቹ (ዓ.ም.) በመኖራቸው ባርነት በሕግ ሲሻር ለማየት በቅተዋል።

የባርነት ተቃዋሚነታቸው በምን ይገለጻል?

በዓለም ታሪክ ከባርነት ወጥተው ባርነትን የታገሉ ሰዎች በአብዛኛው የሚታወቁት በአደባባይ ንግግርና በግል ታሪክ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝ አገር ኦላውዳ ኢኳያኖ እ.ኤ.አ. በ1789 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ለተደረገው ዘመቻ ከፍተኛ ድጋፍ ሆኗል። በአሜሪካ ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1845 የራሱን ታሪክ ጽፎ ካሳተመ በኋላ በጋዜጣና በንግግር ሲታገል ኖሯል። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩለት ፓርላማ፣ የሚያነብላቸው ሕዝብና የሚያትምላቸው ጋዜጣ ነበራቸው።

ኦኔሲሞስ በሚሠሩበት አገር ይህ ሁሉ አልነበረም። ስለዚህም የትግላቸው መሣሪያ የተለየ ሆነ። ባሪያ ፈንጋዩ ልጁን የሚወስደው ከቤተሰቡ ነጥሎ፣ ቋንቋውን አስረስቶ፣ ስሙን ለውጦ ነው። ኦኔሲሞስ በተቃራኒው ቋንቋውን በመጽሐፍ አኖሩ፤ በባርነት ላይ የወደቀው ሰው ሊማርና ሊያስተምር እንደሚችል በራሳቸው ሕይወት አሳዩ፤ ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆችን አስተማሩ። ባርነት የሚቆመው አንዱ ሰው ከሌላው ያነሰ ነው በሚል እምነት ላይ ስለሆነ፣ ይህን እምነት በተግባር ማፍረስ ራሱ ባርነትን መቃወም ነው።

ተመሳሳይ ምሳሌ ከአገር ውጭም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን በቀይ ባሕር ላይ ይዛ በርካታ የኦሮሞ ልጆችን ነፃ አውጥታ ነበር። ከእነርሱ 64ቱ በኤደን አጠገብ ጥቂት ከቆዩ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተልከው ተማሩ። ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ሲሆኑ፣ የልጅ ልጃቸው ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን በመታገላቸው ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት ለአሥር ዓመት ታስረዋል። ኔቪል አሌክሳንደር ከእስር ከወጡ በኋላ እስከሞቱበት እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲሟገቱ ኖረዋል። በባርነት የተነጠቀውን ቋንቋ በትምህርት የመመለስ ጥረት ነቀምቴም ኬፕታውንም ላይ ታይቷል።

ከአዋጅ እስከ አፈጻጸም

ኦኔሲሞስ በነቀምቴ በሚያስተምሩበት ዘመን የመንግሥት አቋም ቀስ በቀስ እየተለወጠ ሄደ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስወገድ ቃል ገባች። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ። ባሮች እንዲመዘገቡ፣ ጉዳያቸውን የሚያዩ ዳኞች እንዲሾሙ፣ ነፃ የወጣውም ሰው ማስረጃ እንዲይዝ ተደረገ። ሕጉ በ1923 ዓ.ም. ተሻሽሎ ነፃ የመውጫው ጊዜ አጠረ።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው መካከል ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አንዱ ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ በጎንደር ተወልደው በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንኖች የተወሰዱና በህንድ አድገው ሐኪም የሆኑ ሰው ናቸው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት በማቋቋም ሠርተዋል። ነፃ የወጣው ሰው ሙያ ከሌለው፣ መሬት ከሌለው፣ የሚጠጋበት ዘመድ ከሌለው ተመልሶ ከቀድሞ ጌታው ደጅ እንደሚቆም የተረዱ የዘመኑ ሹማምንት ጥቂት ነበሩ።

የሕጉ አፈጻጸም ግን የተመኙትን ያህል አልሆነም። ምዝገባው አዝጋሚ ነበር። ከአዲስ አበባ በራቁ አውራጃዎች ሕጉን እንዲያስፈጽሙ የተሾሙት ብዙዎቹ ራሳቸው ባሪያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 የእንግሊዝ የፀረ ባርነት ማኅበር መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ባርነትን በ15 ወይም በ20 ዓመት ውስጥ ለማስወገድ ቃል ገቡ። በዚያው ዓመትም ይህን ሥራ የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

የመዘግየቱ ዋጋ ከባድ ሆነ። ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው የክስ ሰነድ ውስጥ ባርነት አለመቅረቱን ዋና ምክንያት አድርጋ አቀረበች። ወራሪው ኃይል መርዝ ጋዝ እያዘነበ ራሱን ነፃ አውጪ ብሎ ለዓለም አስተዋወቀ። ክሱ ለወረራ ሽፋን የቀረበ ቢሆንም የተመሠረተው ግን መሬት ላይ በነበረ ነገር ላይ ነበር። ሕጉ በወጣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በሚገባ ቢፈጸም ኖሮ ጠላት ይህን ሽፋን ባላገኘ ነበር።

ከድል በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የባርነትን ሕጋዊ ህልውና ፈጽሞ ሻረ። ቀስ በቀስ የሚለው አካሄድ ቀርቶ ባሪያ መያዝም ሆነ መነገድ በብርቱ የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ይህን አዋጅ ሳያዩ ከዐረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ለዛሬ ያለው ትርጉም

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት ሊያዝ እንደማይችል፣ ለማንኛውም ዓላማ በሰው የመነገድ ተግባርም የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀሎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም ዝርዝር ድንጋጌዎችን ይዟል። በወንጀል ከመቅጣት ባሻገር ተጎጂዎችን መጠበቅና መልሶ ማቋቋም የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ያስቀምጣል።

ይህ ኃላፊነት ለወረዳና ለቀበሌ አመራሮች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በጥንት ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች ምርኮኛ ይነዱበት የነበረው የመተማ መስመር በቅርብ ዘመንም ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በደላላ ተታልለው የሚወጡበት መንገድ ሆኖ ታይቷል። የጥንቱ ፈንጋይ በጉልበት ይወስድ ነበር፤ የዛሬው ደላላ በተስፋ ቃል ይወስዳል። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ፓስፖርቱን የተነጠቀ፣ ደመወዙን የተከለከለ፣ ቤተሰቡ የማስለቀቂያ ገንዘብ እንዲልክ በድብደባ የሚገደድ ሰው ነፃ ነው ሊባል አይችልም።

ከዚህ ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛው የሚወጡት ቁም ነገሮች ግልጽ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሕጉ የሚፈጸመው በዋና ከተማ ሳይሆን የኬላው ሹም፣ የመዝገቡ ጸሐፊና የአጥቢያው ዳኛ በሚሠሩበት ቦታ መሆኑ ነው። የቀደሙት ነገሥታት ትእዛዝ የከሸፈው እዚያ ነበር። ሁለተኛው፣ ሕፃናት ጠባቂ ሲያጡ ለአፈናና ለብዝበዛ እንደሚጋለጡ ነው። ሂካ የተወሰደው አባቱን ካጣ በኋላ በመሆኑ ለወላጅ አልባ ሕፃናት የሚደረግ ክትትል ወንጀልን የመከላከል ሥራ አካል ነው። ሦስተኛው፣ ከተመላሽ ተጎጂዎች ጋር የሚሠራ ሁሉ የሚያገናኘው ከተረጂ ጋር ብቻ አለመሆኑን ማወቅ እንዳለበት ነው።

ምጽዋ ላይ ከገበያ የተወሰደውን ልጅ ያዩት ሰዎች የመጽሐፍ ተርጓሚና የትምህርት ቤት መሥራች ያዩ አልመሰላቸውም ይሆናል። ዕድል ሲያገኝ ግን ሁለቱንም ሆነ። ስሙ ከመጀመሪያውም ሂካ፣ ማለትም ተርጓሚ፣ ነበር።